በሌሎች ድርጅቶች ኃይል መሙያ ጣቢያዎች የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር አጠቃቀም፦ ከአዳማ እስከ ኩየራ ለሚጓዙ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች

የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር የኃይል መሙያ ጣቢያው መሰኪያ ከኤሌክትሪክ ተሽከርካሪው የኃይል መቀበያ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር ሁለቱን የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ ተሽከርካሪውን ካመረተው ወይም ካስመጣው ድርጅት ውጭ በሌላ አካል በሚተዳደር ጣቢያ፣ ለምሳሌ በነዳጅ ማደያ፣ በሆቴል ወይም በቴሌኮም ድርጅት ጣቢያ፣ አዳፕተር ለመጠቀም የሚፈልጉ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይዟል። ትኩረቱ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ተነስቶ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በኩል ወደ ኩየራና ሻሸመኔ የሚወስደው መስመር ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ጉዳይ፣ አዳፕተር የሚመረጠውና የሚፈተሸው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ጣቢያ ከተደረሰ በኋላ አለመሆኑ ነው። ተሽከርካሪው፣ ጣቢያውና አዳፕተሩ ሦስቱም ካልተስማሙ ኃይል አይሞላም፤ ባልተስማማ መሣሪያ ለመሙላት መሞከር ደግሞ በሰውና በንብረት ላይ አደጋ ያስከትላል።

የመሰኪያ ዓይነቶች ለምን ተለያዩ?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር ወር 2016 ዓ.ም ይፋ ከተደረገ ወዲህ በአገሪቱ መንገዶች ላይ የሚታዩ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር በከፍተኛ ሁኔታ ጨምሯል። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ የተመረቱት በቻይና ነው። ለቻይና ገበያ የተመረተ ተሽከርካሪ ጂቢ/ቲ በሚባለው የአገሪቱ ደረጃ መሠረት ሁለት የተለያዩ መቀበያዎች ይኖሩታል፤ አንዱ ለዝግተኛው፣ ሌላው ለፈጣኑ ኃይል መሙያ ነው። ለአውሮፓና ለሌሎች የውጭ ገበያዎች የተመረተ ተሽከርካሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲሲኤስ 2 የሚባል አንድ ጥምር መቀበያ አለው። እንደ ኒሳን ሊፍ ያሉ የጃፓን ተሽከርካሪዎች ደግሞ ቻዴሞ በሚባል ሦስተኛ ዓይነት ይጠቀማሉ።

የተሽከርካሪው ስም ብቻውን የመቀበያውን ዓይነት አያሳውቅም። አንድ ዓይነት የቢዋይዲ ወይም የቶዮታ ሞዴል ለየትኛው ገበያ እንደተመረተ በመለየት ጂቢ/ቲ ወይም ሲሲኤስ 2 ሊኖረው ይችላል። በመሆኑም ባለንብረቱ የራሱን ተሽከርካሪ መቀበያ ክፍት ከፍቶ ማየትና ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። የጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ተመሳሳይ መኪና በአንድ አዳፕተር መሙላቱ ለሌላው ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

የመሰኪያ አለመጣጣም በኢትዮጵያ ብቻ ያጋጠመ አይደለም። በአሜሪካም ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቴስላን መሰኪያ ለመቀበል ከወሰኑ በኋላ ነባር ተሽከርካሪዎቻቸው በቴስላ ጣቢያዎች የሚጠቀሙት በአዳፕተር ነው። እዚያም የተሽከርካሪ አምራቾች በራሳቸው ያቀረቡት ወይም የፈቀዱት አዳፕተር ብቻ እንዲሠራበት ያሳስባሉ።

አዳፕተር የሚሠራውና የማይሠራው

ኃይል የሚሞላው በሁለት መንገድ ነው። ኤሲ ተብሎ የሚጠራው ተለዋዋጭ ከረንት በመኖሪያ ቤትና በሆቴል የሚገኘው ሲሆን፣ ተሽከርካሪው ውስጥ ያለው መቀየሪያ ወደ ባትሪው ከማስገባቱ በፊት ይለውጠዋል። ዲሲ ተብሎ የሚጠራው ቀጥተኛ ከረንት ደግሞ በፈጣን ጣቢያው ማሽን ተለውጦ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይገባል። የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር የሚባለው ለዲሲ የተሠራው ብቻ ነው።

በዲሲ አገልግሎት ጊዜ ተሽከርካሪውና ጣቢያው ያለማቋረጥ መልእክት ይለዋወጣሉ። ባትሪው ምን ያህል ቮልትና አምፔር እንደሚፈልግ የሚያዘው ተሽከርካሪው ነው። ጂቢ/ቲ እና ሲሲኤስ 2 ይህን መልእክት የሚያስተላልፉበት ዘዴ የተለያየ በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል የሚገባ አዳፕተር የቅርጽ መቀየሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ አነስተኛ ኮምፒውተር ያለው ነው። ብዙዎቹ አዳፕተሮች ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል የራሳቸው ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ ይህ ባትሪ ባዶ ከሆነ አዳፕተሩ አይሠራም። አዲስ ዓይነት ጣቢያ ሲያጋጥምም የአዳፕተሩን ሶፍትዌር ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል።

አዳፕተር የማይሠራቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዝግተኛውን መስመር ፈጣን አያደርግም። ሁለተኛ፣ ተሽከርካሪው ከሚቀበለው በላይ ኃይል አያስገባም። ሦስተኛ፣ ለአንድ አቅጣጫ የተሠራ አዳፕተር በሌላው አቅጣጫ አያገለግልም። የሲሲኤስ 2 ጣቢያን ከጂቢ/ቲ ተሽከርካሪ የሚያገናኘው መሣሪያ የጂቢ/ቲ ጣቢያን ከሲሲኤስ 2 ተሽከርካሪ ከሚያገናኘው የተለየ ነው፤ በግዢ ጊዜ ሁለቱ እንዳይምታቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የኃይል ፍጥነቱን የሚወስነው ከሦስቱ አነስተኛ አቅም ያለው ነው። ለምሳሌ 200 አምፔር የሚችል አዳፕተር ባትሪው 350 ቮልት ከሆነ ተሽከርካሪ ጋር ሲሠራ ሊያስተላልፍ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል 70 ኪሎ ዋት ነው። ጣቢያው 120 ኪሎ ዋት ቢሆንም ከዚህ በላይ አያገኝም። ተሽከርካሪው 60 ኪሎ ዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ወሰኑ 60 ይሆናል።

ከግዢ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው

ዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ ኃይል መሙያ ደረጃ አዳፕተር በጥቅም ላይ እንዲውል የሚፈቅደው የተሽከርካሪው ወይም የኃይል መሙያው አምራች ለይቶ የፈቀደው ሲሆን ነው። ስለሆነም ገዢው ከአስመጪው ወይም ከአምራቹ ወኪል በጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ ይኖርበታል። ያልተፈቀደ አዳፕተር ባስከተለው ጉዳት ምክንያት የተሽከርካሪው ወይም የባትሪው ዋስትና ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። የኢንሹራንስ ውሉም ይህን በሚመለከት ምን እንደሚል አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት በመሣሪያው ላይ ወይም በመመሪያው ውስጥ በግልጽ ተጽፈው መገኘት አለባቸው፦

1. የአምራቹ ስም፣ የሞዴልና የመለያ ቁጥር፤
2. የሚችለው ከፍተኛ ቮልትና አምፔር፤
3. ከየትኛው መሰኪያ ወደ የትኛው መቀበያ እንደሚያገናኝ፤
4. ሙቀት ሲጨምር ኃይሉን የሚቀንስ ወይም የሚያቋርጥ የሙቀት መቆጣጠሪያ፤
5. ኃይል በሚሞላበት ጊዜ መሰኪያው እንዳይነቀል የሚያደርግ መቆለፊያ፤
6. ከውኃና ከአቧራ የመከላከል ደረጃ።

ከእነዚህ ውስጥ መቆለፊያው ልዩ ትኩረት ይሻል። በሲሲኤስ 2 አሠራር መቆለፊያው የሚገኘው በተሽከርካሪው መቀበያ ላይ ነው፤ በጂቢ/ቲ ፈጣን መሰኪያ ግን መቆለፊያው ያለው በመሰኪያው ላይ ነው። በመሆኑም የሲሲኤስ 2 ጣቢያን ከጂቢ/ቲ ተሽከርካሪ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር በሁለቱም ጎኑ የሚቆልፍ መሆን ይኖርበታል። በአንዱ ጎን ብቻ የሚቆልፍ ከሆነ መሰኪያው ከፍተኛ ኃይል በሚያልፍበት ጊዜ ሊነቀል ይችላል። በአገራችን መስመር ላይ ያለው ተለዋዋጭ ከረንት በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ሲነቀል የሚፈጠረው ብልጭታ በቀላሉ ይጠፋል። ቀጥተኛው ከረንት ግን ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት ስለሌለው፣ በመነቀል የሚፈጠረው የእሳት ቅስት ሳይቋረጥ ሊቀጥልና ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል።

ጉዞ ከመጀመሩ በፊት

የአዳማ–ኩየራ መስመር በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በቡልቡላና በአርሲ ነጌሌ በኩል ያልፋል። ኩየራ ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከአዳማ ያላት ርቀት ወደ 190 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው። የሕዝብ ኃይል መሙያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ በመሆኑ፣ በዚህ መስመር የሚጓዝ አሽከርካሪ ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት አለበት።

በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀምና 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ተሽከርካሪ ለአብነት ቢወሰድ፣ ከአዲስ አበባ ኩየራ ለመድረስ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባትሪው 80 በመቶ ሆኖ ከተነሳ ኩየራ ሲደርስ 20 በመቶ ይቀረዋል ማለት ነው። ከአዳማ ኩየራ ደርሶ ለመመለስ ደግሞ 57 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቢነሳ እንኳ በመንገዱ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይሞላ መጓዝ አይመከርም።

ትክክለኛው ፍጆታ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። በፈጣን መንገዱ ላይ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የነፋሱ ግፊት በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ አርሲ ነጌሌ የሚወስደው መንገድም ወደ ከፍታ የሚወጣ ነው፤ ሁለት ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 400 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ተጨማሪ ኃይል ያወጣል። ሙሉ ጭነትና የአየር ማቀዝቀዣም ፍጆታውን ያሳድጋሉ።

አዳፕተሩ ሳይሠራ ቢቀር የሚከተለውን መዘግየት ማሰብ ለዝግጅቱ ይረዳል። ከላይ የተጠቀሰውን የመልስ ጉዞ የሚያስችል 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል፣ በአማካይ 60 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ፈጣን ጣቢያ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይሞላል። በ7 ኪሎ ዋት ኤሲ መሙያ 4 ሰዓት ይፈጃል። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የግድግዳ ሶኬት ግን ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሕመምተኛ ለሚያመላልስ፣ ሸቀጥ ለሚያደርስ ወይም ለቢሮ ጉዳይ ለሚመላለስ ሰው ይህ ልዩነት በዕለቱ ተመልሶ በመግባትና በማደር መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለሆነም አሽከርካሪው ከመነሳቱ በፊት ወደ ጣቢያው ስልክ በመደወል የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. ጣቢያው በዕለቱ አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑን፣ የመብራት መቋረጥ ካለም መጠባበቂያ ያለው መሆኑን፤
2. ያለው መሰኪያ ጂቢ/ቲ፣ ሲሲኤስ 2 ወይም ሁለቱም መሆኑን፤
3. በደንበኛ አዳፕተር መጠቀም የሚፈቅድ መሆኑን፤
4. ክፍያው በምን እንደሚፈጸምና የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ስንት እንደሆነ።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የጣቢያው ባለቤት ለማሽኑ ደኅንነት ሲል አዳፕተርን ሊከለክል ይችላል፤ ሲከለክልም ክልከላውን ማክበር የደንበኛው ግዴታ ነው። በተጨማሪም አዲስ አዳፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞከር የሚገባው በሚኖሩበት ከተማ፣ ባትሪው ገና በቂ ኃይል እያለው ነው።

በጣቢያው የሚፈጸም ቅደም ተከተል

1. ተሽከርካሪው በፓርኪንግ ማርሽ ላይ ሆኖ ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬንም ይያዛል።
2. የመሰኪያው፣ የአዳፕተሩና የመቀበያው የብረት ጫፎች ይፈተሻሉ። የተቃጠለ፣ የተጣመመ፣ የረጠበ ወይም አቧራና ጭቃ የገባበት ካለ አገልግሎቱ አይጀመርም።
3. የአዳፕተሩ ባትሪ መሙላቱና መብራቱ መብራቱ ይረጋገጣል።
4. አዳፕተሩ በአምራቹ መመሪያ ቅደም ተከተል መሠረት ይገጠማል። አንዳንዱ በቅድሚያ ከጣቢያው መሰኪያ ጋር፣ ሌላው በቅድሚያ ከተሽከርካሪው ጋር እንዲገጠም የተሠራ ነው። በሁለቱም ሁኔታ እስከ መጨረሻው መግባቱና መቆለፉ ሳይረጋገጥ ክፍያ አይጀመርም።
5. ክፍያው በጣቢያው መተግበሪያ፣ በቴሌብር ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ ይፈጸማል። ሲሰካ በራሱ የሚጀምር የክፍያ ሥርዓት በአዳፕተር ላይሠራ ስለሚችል በመተግበሪያ መጀመር ይመረጣል።
6. በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አሽከርካሪው ከአጠገቡ ሳይርቅ የኃይሉን መጠን ይከታተላል። ያልተለመደ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ከፍተኛ ሙቀት ከታየ ወዲያውኑ ያቋርጣል።
7. ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ ተሽከርካሪው ራሱ የሚቀበለውን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ቀጣዩ ጉዞ ካላስገደደ በስተቀር አቁሞ ቦታውን ለተረኛ መልቀቅ ይመከራል።
8. ሲጠናቀቅ በቅድሚያ በመተግበሪያው ወይም በማሽኑ ላይ ይቋረጣል፤ የኃይሉ መጠን ዜሮ መሆኑ ከታየና መቆለፊያው ከተከፈተ በኋላ ብቻ ይነቀላል።

የመሰኪያው ገመድ ከባድ በመሆኑ በአዳፕተሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይጎትተው በእጅ ወይም በድጋፍ ማስተካከል ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆው ሙቀትና አቧራ ምክንያት አዳፕተሩ ክዳኑ ተዘግቶ በሽፋኑ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በጠራራ ፀሐይ በቆመ ተሽከርካሪ ዳሽቦርድ ላይ መተው ባትሪውን ይጎዳል። በክረምት ወራት ጣራ በሌለው ጣቢያ ዝናብ እየጣለ አዳፕተር መግጠምና መንቀል መወገድ ይኖርበታል።

ፈጽሞ ሊደረጉ የማይገቡ

አንዱን አዳፕተር በሌላ አዳፕተር ላይ ቀጥሎ መጠቀም የተለመደው የሙቀትና የመነቀል አደጋ ምክንያት በመሆኑ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ለኤሲ የተሠራን አዳፕተር ለዲሲ መጠቀም፣ በግል ባለሙያ የተከፈተ ወይም ገመዱ የተቀየረ መሣሪያ መሰካት፣ መቆለፊያውን ማሰናከልና አዳፕተርን በማራዘሚያ ገመድ ማስረዘምም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው።

ከተሽከርካሪው ባትሪ ኃይል አውጥቶ ለሌላ ዕቃ የሚሰጠው ገመድ በመልኩ ከመሙያ መሣሪያ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ይህ ገመድ ኃይል ማውጫ እንጂ መሙያ ስላልሆነ ከጣቢያ ማሽንም ሆነ ከግድግዳ ሶኬት ጋር መገናኘት የለበትም።

ችግር ሲያጋጥም

ኃይል መሙላት ሳይጀምር ከቀረ አሽከርካሪው አገልግሎቱን አቋርጦ መሣሪያውን ነቅሎ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና መሞከር ይችላል። ለሁለተኛ ጊዜ ካልተሳካ በሌላ ማሽን መሞከር እንጂ በዚያው ላይ ደጋግሞ መሰካት አይመከርም። በማሽኑ ላይ የሚታየውን የስህተት ቁጥር በፎቶግራፍ መያዝ ለአቤቱታም ለጥገናም ይጠቅማል።

አዳፕተሩ ተቆልፎ አልነቀል ካለ በኃይል መጎተት አይገባም። አገልግሎቱ መቋረጡን ማረጋገጥ፣ የተሽከርካሪውን በሮች በቁልፉ መክፈትና ጥቂት መጠበቅ በቅድሚያ ይሞከራል፤ ካልሆነ በመመሪያ መጽሐፉ የተገለጸው የአደጋ ጊዜ መክፈቻ በጣቢያው ሠራተኛ እገዛ ይሠራበታል።

ጭስ ወይም እሳት ከታየ በማሽኑ ላይ ያለውን ቀይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ መጫን፣ መሰኪያውን ሳይነኩ ሰዎችን ማራቅና የእሳት አደጋ አገልግሎትን መጥራት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ጥሪ ቁጥር 939 ነው፤ በሌሎች ከተሞች የሚጓዙ አሽከርካሪዎች የየከተማውን ቁጥር አስቀድመው ይመዝግቡ። የተሽከርካሪ ባትሪ እሳት የጠፋ መስሎ እንደገና ሊነሳ ስለሚችል ወደ ተሽከርካሪው ተመልሶ መቅረብ አይገባም።

የሸማቹ መብትና አቤቱታ የሚቀርብበት

አዳፕተር የገዛ ማንኛውም ሰው ደረሰኝ መቀበልና መያዝ ይኖርበታል። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩ ዕቃውን እንዲለውጥለት ወይም ዋጋውን እንዲመልስለት መጠየቅ ይችላል። አዳፕተሩን ከገዙ በኋላ ሳይዘገዩ መሞከር የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ሻጩን ወይም የዋጋ አሠራርን የሚመለከት አቤቱታ ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይቀርባል። የኃይል መሙያ ጣቢያን ፈቃድና የቴክኒክ ደኅንነት የሚመለከት ጉዳይ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይቀርባል። የመስመር መቋረጥ ወይም የቮልቴጅ መዋዠቅ ሲያጋጥም በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ማሳወቅ ይቻላል።

አቤቱታ አቅራቢው የግዢ ወይም የክፍያ ደረሰኝ፣ የአዳፕተሩን የሞዴልና የመለያ ቁጥር፣ የጣቢያውን ስምና ቦታ፣ ችግሩ የተከሰተበትን ቀንና ሰዓት እንዲሁም የስህተት ቁጥሩን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አሟልቶ ሲቀርብ ጉዳዩ በቶሎ ሊታይለት ይችላል። ጉዳት የደረሰበት አዳፕተር ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ሳይከፈትና ሳይጠገን በነበረበት ሁኔታ መቆየት ይኖርበታል።